ኳሱን ቁጠሩ፤ ወገባችሁ ይቆጥራልና

ለደሴ፣ ለኮምቦልቻ፣ ለሐይቅና ለወልዲያ ጦር ወርዋሪ ልጆች፤

ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። ክሪኬት ለአገራችን ባዳ ጨዋታ ነው። ቢሆንም በየስልካችሁ ላይ ኳስ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚለቁትን ሰዎች እያያችሁ «እነዚህ ምን ቢበሉ ነው?» ትላላችሁ። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ስንት ዓመት ቆዩ? ፈጣን ቦውለር፣ ማለትም የክሪኬት ኳስ ወርዋሪ፣ ለጦር ወርዋሪ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሁለቱንም የሚጥላቸው ወገብ ነው።

ኳሱ ከ156 እስከ 163 ግራም ይመዝናል፤ ውስጡ ቡሽና ክር፣ ላዩ ቆዳ፣ ድርቀቱም ከገና ሩር የማይተናነስ ነው። ቦውለሩ ተንደርድሮ፣ 20 ሜትር ገደማ ርቆ ለቆመው መቺ ይለቀዋል። እናንተ ጦሩን ክርናችሁን አጥፋችሁ ትዘረጉታላችሁ፤ እሱ ግን ሲለቅ ክርኑን ከ15 ዲግሪ በላይ ከዘረጋ ሕግ ጣሰ ይባላል። ታዲያ ያ ሁሉ ፍጥነት ከየት ይመጣል? የቃሉ ወረዳ ልጅ ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ወፍ ሲጠብቅ መልሱን ያውቀዋል። እግር ይተከላል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ክንድ መጨረሻ ላይ ይከተላል።

ዋናው ነገር ያለው የፊት እግር መሬት በሚነካባት ቅጽበት ነው። ቀኝ እጁን ለሚጠቀም ሰው የግራ እግሩ ማለት ነው። ተረከዙ ሲያርፍ የሰውነቱን ክብደት አምስትና ስድስት እጥፍ ይሸከማል። 70 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አራት ኩንታል ማሽላ በአንድ እግሩ ተቀበለ ማለት ነው፤ ያውም ዓይን እስኪጨፈን በማይሞላ ጊዜ። ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ከቆመ ኃይሉ ወደ ላይ ወጥቶ ክንዱን ያስወነጭፋል። ከታጠፈ ፍጥነቱ እዚያው ይቀራል። በዚያችው ቅጽበት ወገቡ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ወደ ጎን ይጎብጣል፣ ይዞራል። ሦስቱ ባንድ ላይ የሚያርፉት በታችኛው የጀርባ አጥንት ላይ፣ ከሚወረውረው እጅ በተቃራኒው በኩል ነው። ስለዚህ ቀኝ እጅ ወርዋሪ የሚሰነጠቀው ግራ ወገቡ ነው። አጥንቱ እስከ ሃያዎቹ መጀመሪያ ገና እየጠና ነው፤ ፍጥነት ግን ከዚያ በፊት ይመጣል። ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ፓት ከሚንስን ውሰዱ። አውስትራሊያዊው በእ.ኤ.አ. ኅዳር 2011 ጆሃንስበርግ ላይ ገና በ18 ዓመቱ የመጀመሪያውን ቴስት (በአገሮች መካከል የሚደረገውን ረጅሙን ጨዋታ) ተጫወተ፤ ሰባት ዊኬት ወስዶ፣ ማለትም ሰባት ጊዜ መቺ አስወጥቶ፣ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ሁለተኛውን ቴስት የተጫወተው በእ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 ነው። በመሃል ያሉትን ከአምስት ዓመት በላይ አብዛኛውን የወሰደው በተደጋጋሚ የተሰነጠቀው ጀርባው ነው። ኒውዚላንዳዊው ሼን ቦንድም በ18 ቴስት 87 ዊኬት ያገኘ አስፈሪ ወርዋሪ ነበር፤ ግን 18 ብቻ ነው፣ ጀርባው ከዚያ በላይ አልፈቀደለትም።

መድኃኒቱ ቆጠራ ነው። የእንግሊዝ ክሪኬት ቦርድ መመሪያ ለብዙ ዓመት ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባንድ ተራ 5 ኦቨር፣ በቀን 10 ኦቨር ብቻ ሲፈቅድ ቆይቷል። ለ19 ዓመቱም ቢሆን ባንድ ተራ ከ7፣ በቀን ከ18 ኦቨር አያልፍም ነበር። አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ስለሆነ፣ ትልቁ ልጅ በቀን 108 ኳስ ነው። ከሁለት ቀን በላይ በተከታታይ አይወረወርም፤ በሰባት ቀን ውስጥም ከአራት ቀን አይበልጥም ነበር። ልምምድ ላይ የተወረወረውም ይቆጠራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ውድድሩን ይቆጥሩና ልምምዱን ይረሱታል። ለእናንተ የእኔ ግምት ይሄ ነው፦ ከ20 ዓመት በታች ሳላችሁ በሙሉ መንደርደሪያና በሙሉ ኃይል የሚወረወር ጦር በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑም ከ25 አይለፍ። ሌላው በአጭር እርምጃና በቀላል ኳስ ይሠራ።

አደገኛው ብዛቱ ብቻ ሳይሆን ድንገተኛነቱም ነው። ትዌንቲ ትዌንቲ በሚባለው አጭር ጨዋታ አንድ ቦውለር የሚፈቀድለት አራት ኦቨር ነው፤ በቴስት ግን ገደብ የለም፣ ጨዋታው አምስት ቀን ይሄዳል። ለወራት አራት አራት ሲወረውር የከረመ ሰው ባንድ ሳምንት ወደ ቴስት ሲገባ ያን ሳምንት ደህና ይውላል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ ሰው ምክንያቱን ይስታል፣ ጥፋቱን በትናንት ልምምድ ያሳብባል። እናንተም ክረምቱን አርፋችሁ መስከረም ላይ «ላካክስ» ብላችሁ አትነሡ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ።

ሕመሙን ለዩት። ከሥራ በኋላ በሁለቱም ወገን የሚሰማ ድብን ያለ ድካም በሁለት ቀን ይለቃል። ባንድ ጎን ላይ በጣት የሚጠቆም፣ ወደ ኋላ ስትለጠጡ የሚወጋ ሕመም ግን ሌላ ነው። በዚያው ቀን ውርወራ ይቁም። ራጅ ተነሥታችሁ «ምንም የለም» ብትባሉ ልባችሁ አይረፍ፤ ጀማሪ ስንጥቅ በራጅ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ኤምአርአይ ነው የሚያሳየው። ተሸፍኖ የተሠራበት ስንጥቅ ወራት ይፈልግ የነበረው ዓመት ይበላል።

አወራወርን መለወጥ ላይ ጥንቃቄ ይኑር። እንግሊዛዊውን ቦውለር ጄምስ አንደርሰንን አሠልጣኞች በወጣትነቱ አወራወሩን ሊያስተካክሉት ሞክረው በእ.ኤ.አ. 2006 ጀርባው ተሰነጠቀ፤ ወደ ለመደው ሲመለስ ነው የዳነው። አንድ ነገር ግን ይታረም፦ የኋላ እግር ሲያርፍ ዳሌ ወደ ፊት፣ ትከሻ ወደ ጎን ካየ ወገብ እንደ ልብስ ይጠመዘዛል። ከጎንና ከኋላ በስልክ ቀርጻችሁ ተመልከቱት፤ ሁለቱ ወደ አንድ ወገን ይዩ።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። እንጀራ በሽሮ ጥሩ ነው፤ ወተት፣ እርጎ፣ እንቁላል ሲገኝ ይታከልበት። በልቶ የማይጠግብ ሰውነት አጥንት አይጠግንም። ለዚህ ነው በዐቢይ ጾምም በረመዳንም ሙሉ ኃይል ቀንሳችሁ ቴክኒክ ላይ መዋል ያለባችሁ። የረመዳኑን ልምምድ ከማፍጠሪያ በኋላ አድርጉት።

ጫማን አትናቁ። ብዙ ቦውለሮች የፊት እግር ጫማቸውን አውራ ጣት ላይ ይቀድዱታል፤ ጣቱ በእያንዳንዱ ኳስ ጫፉን እየመታ ጥፍሩ ስለሚጠቁር ነው። ያለቀ ተረከዝም ጉልበትን ያጣምማል። በኮንክሪት ላይ በሙሉ ኃይል አትወርውሩ።

ፍጥነት ይቀንሳል፤ ዕድሜ ነው። ኒውዚላንዳዊው ሪቻርድ ሃድሊ መንደርደሪያውን አሳጥሮ በቴስት 431 ዊኬት አደረሰ፤ በእ.ኤ.አ. 1990 ሲያቆም የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። አንደርሰን ደግሞ በእ.ኤ.አ. 2024፣ በ41 ዓመቱ፣ በ188 ቴስት 704 ዊኬት ይዞ ወጣ። በቴስት ብቻ 40,037 ኳስ ወርውሯል። ያንን ሁሉ አንድ በአንድ የቆጠረለት ሰው ነበር፤ የእናንተን የሚቆጥር የለም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ግዙ። አራት ዓምድ ይበቃል፦ ቀን፣ በሙሉ ኃይል የተወረወረ፣ በቀላሉ የተወረወረ፣ ጠዋት ስትነሡ ወገባችሁ ከአሥር ስንት እንደሚያማችሁ። የደሴ ዝናብ እንዳያበሰብሰው በላስቲክ ጠቅልሉት።