ጠንካራው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጂም እሠራለሁ፤ ጉልበት አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ሲያናድደኝ ግን እጄ ይቀድመኛል። እስልምና ጠንካራ የሚለው ማንን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በግልጽ ነግረውናል። ጠንካራ ማለት ታግሎ ሰው የሚጥል ሳይሆን፣ ሲቆጣ ራሱን የሚገዛ ነው ብለዋል። ይህን ሐዲስ (የነቢዩን ንግግር) ታላላቆቹ የሐዲስ ሰብሳቢዎች ኢማም ቡኻሪም ኢማም ሙስሊምም ዘግበውታል። ጂሙን ግን አትተው! ጠንካራ ሙእሚን (አማኝ) ከደካማው ይልቅ አላህ ዘንድ ተወዳጅ ነው፤ በሁለቱም መልካም ነገር ቢኖርም።

እኔም በቁጣ ልጄን ያስለቀስኩበት ምሽት አለ። ፊቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ በሌላ ሐዲስ እንደተመከርነው፣ ስናደድ ቆሜ ከሆነ እቀመጣለሁ። ካልበረደልኝ ጋደም እላለሁ። በጣም ረድቶኛል፤ አንተም ሞክረው። መጀመሪያ ግን ዛሬውኑ ታናሽህን አፉ በለኝ በለው።