ስለ «ፓትሪያ» የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ጥያቄ፦ አገር ማለት የሆነው የላቲኑ «ፓትሪያ» ከአባት የመጣ ቃል ነው ካልን ለምን አንስታይ ጾታ ሆነ?

ቃሉ መጀመሪያ ቅጽል ነበር። በላቲን «ቴራ ፓትሪያ» ሲባል የአባት ምድር ማለት ነው። ምድር በላቲን አንስታይ ስለሆነች ቅጽሉም እሷን ተከተለ፣ ውሎ አድሮ «ቴራ» ቀርታ «ፓትሪያ» ለብቻዋ ስም ሆነች። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች «ማድሬ ፓትሪያ» ሲሉ እናትና አባት የተቀላቀሉት በዚህ ነው። በላቲን አሜሪካ ይህን ስም የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ ለስፔን ነው።

ጥያቄ፦ ለሮማውያን ፓትሪያ ማለት ሮም ብቻ ነበረች?

በጣም የምወደው ጥያቄ! የሮም ፖለቲከኛና ጸሐፊ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ106 የተወለደው ሮም ሳይሆን አርፒኑም በምትባል ከተማ ነው። እንደኔ ያለ ሰው ሁለት ፓትሪያ አለው ይላል፤ አንዷ የተወለደባት፣ ሌላዋ በዜግነት የተቀበለችው። ሊሞቱላት የሚገባት ሮም ናት፣ ግን አርፒኑምንም ፓትሪያዬ ማለቴን አልተውም ነው የሚለው። «አገርህ የት ነው?» ሲሉት ወሎ ወይም ጎጃም ብሎ የሚመልስ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ጣልያኖች ግን አገሬ ሲሉ «ፓኤዜ» ይላሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

«ፓኤዜ» ከላቲኑ «ፓጉስ» የመጣ ነው፣ የገጠር ወረዳ እንደማለት። ዛሬም መንደርም አገርም ይባልበታል፣ ልክ እንደኛ «አገር»። «ፓትሪያ» ግን የመሐላና የሐውልት ቃል ናት። ሮም ላይ ያልታወቀው ወታደር ከ1921 ጀምሮ ያረፈበት ቦታ «አልታሬ ዴላ ፓትሪያ» ይባላል፣ የፓትሪያ መሠዊያ።

ጥያቄ፦ ቃሉ ከሮም ጀምሮ በሕዝብ አፍ የወረደ ነው?

አይደለም፤ «ት»ን ተመልከቷት። የላቲኑ «ፓትሬም» (አባት) በሕዝብ አፍ ሲንከባለል በጣልያንኛና በስፓኒሽ «ፓድሬ» ሆነ፣ በፈረንሳይኛማ «ት» ጭራሽ ጠፍታ «ፔር» ቀረ። «ፓትሪያ» ግን «ት»ዋን እንደያዘች አለች፣ ምክንያቱም የተማሩ ሰዎች ከመጽሐፍ ነው የመለሷት። ፈረንሳዮች «ፓትሪ»ን ማዘውተር የጀመሩት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ያኔ ባርተለሚ አኖ የተባለ ምሁር «ፔይ» (አገር) ያለው ሰው «ፓትሪ» ምን ያደርግለታል ብሎ ተቃውሞ ነበር። በ1792 የተጻፈው የፈረንሳይ ብሔራዊ መዝሙር ግን ገና ሲጀምር የ«ፓትሪ» ልጆችን ነው የሚጠራው።

ጥያቄ፦ የኛ «ፓትርያርክ» ዘመዷ ነው?

አዎ፣ በግሪክኛ በኩል። እዚያ «ፓትሪያ» ነገድ ወይም ወገን ማለት ነው፣ ፓትርያርክም የወገን አለቃ።