ሻርክ በቤት ውስጥ፦ ከባሕር ዳር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ባለፈው ስለ ዓሣ ገንዳ ካወራን ወዲህ ጥያቄው ሁሉ ስለ ሻርክ ሆኗል። የምችለውን ልመልስ።

ጋሼ፣ ሱቅ ውስጥ «ሻርክ» እየተባሉ የሚሸጡት ትንንሽ ዓሦች እውነት ሻርክ ናቸው? (ከሽምብጥ)

አይደሉም። የጀርባ ክንፋቸው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ነው እንዲያ የተባሉት። ቀይ ጅራት ሻርክም፣ ሬይንቦ ሻርክም፣ ባላ ሻርክም የደቡብ ምሥራቅ እስያ የወንዝ ዓሦች ናቸው። ዘመዳቸውን ካልክ ግን እዚሁ ጣና ውስጥ አለልህ። ነጭ ዓሣችንም እነሱም የካርፕ ወገን ናቸው።

ገንዳዬ 200 ሊትር ይይዛል። የትኛው ይሻለኛል?

አንድ ሬይንቦ ሻርክ። አንድ ስል አንድ ነው። ሁለት ካስገባሽ ጉልበተኛው ደካማውን ቀን ከሌሊት ሲያሳድደው ይከርማል። ሲያድግ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቀይ ጅራቱም መጠኑ ያው ነው፣ ጠባዩ ግን ይብሳል።

መደበቂያ ስጪው። ቀለም ያልተቀባ የአበባ ሸክላ ለሁለት ሰብረሽ አንዱን ግማሽ ድፊው፣ በቃ ቤቱ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ከዚያ አይወጣም። ሲላመድ መስታወቱ ላይ ከንፈሩን ለጥፎ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ ሽፋን ሲፍቅ ታዪዋለሽ። ቀለሙን ተከታተዪ፤ ከነጣ አንድ ነገር አስጨንቆታል ማለት ነው። ጎረቤት የምታደርጊለት ደግሞ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚዋኝ ፈጣን ዓሣ ይሁን። መሬት ለመሬት የሚሄድ ካመጣሽበት ጸብ አይጠፋም።

ከፋብሪካ ምግብ ሌላ ቀቀል ያለ ዝኩኒ ወይም ቆስጣ ይወዳል። የተረፈውን እዚያው አታሳድሪው።

ባላ ሻርክስ? ብርማው በጣም ያምራል።

ያምራል። ግን ሱቅ ውስጥ ጣት የምታክለው 30 ሴንቲ ሜትር ታልፋለች። ብቻዋን አትሆንም፣ ቢያንስ አራት አምስት ሆነው ካልዋኙ ይፈራሉ። ሲደነግጡም ይዘላሉ፤ ክዳን የሌለው ገንዳ ከሆነ ጠዋት ወለል ላይ ታገኛቸዋለህ። ከ500 ሊትር በታች አልመክርም፣ ሲያድጉ እሱም ይጠባቸዋል። እሱም ሻርክ ተብሎ የሚሸጠውን ፓንጋሲየስንማ ተወው፤ ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል፣ ሳሎን ውስጥ ምን ይሠራል?

ዓሦቼ ላይ ላዩን ሆነው አፋቸውን ይከፍታሉ። የራባቸው መስሎኝ ምግብ እጨምራለሁ። (ከግሽ አባይ ሰፈር)

ኧረ በፍጹም! አየር ነው ያጠራቸው። ምግቡ ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅንም ይጨርሰዋል።

ብዙዎቻችን የምንረሳው ነገር አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ያለ 25 ዲግሪ የሞቀ ጨው አልባ ውሃ በሊትር 8.2 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ ያው ውሃ የሚይዘው 6.6 ገደማ ነው። ስለዚህ «ለዚህ ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚለውን የውጭ ምክር እንዳለ አትውሰዱት፣ ቀነስ አድርጉ። የአየር ፓምፑም ሌሊት አይጠፋ።

መብራት ሲሄድ በጣሳ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት፣ አየር ይዞ ይገባል። እስኪመጣ አትመግቡ። ዝግ ፊልተር (ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠው ባለ ክዳኑ) ያላችሁ ሰዎች ደግሞ፣ መብራቱ ለብዙ ሰዓት ከቆየ በውስጡ የታጎረው ውሃ ይበላሻል። መልሳችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ድፉት።

ውሃውን ከጣና በጀሪካን ባመጣስ? ትንሽ እንቦጭም ላስገባበት አስቤያለሁ።

ሁለቱንም ተዉት። የሐይቁ ውሃ ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ይመጣል። እንቦጩን ደግሞ ስንት ሰው ከሐይቁ በእጁ እየነቀለ፣ እኛ ቤት ልናባዛው ነው? የቧንቧ ውሃ በባልዲ ቀድታችሁ ለ24 ሰዓት ክፍት አድርጋችሁ ካቆያችሁት ክሎሪኑ ይወጣል። አዲስ ገንዳ ፊልተሩ እየሠራ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆይ፤ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ነው። ለእነሱም ምግብ ያስፈልጋል፣ በየቀኑ ቆንጠር አድርጋችሁ የዓሣ ምግብ ጣሉ። ከዚያ በየሳምንቱ የውሃውን ሩብ ቀይሩ።

እኔ የምፈልገው እውነተኛውን ሻርክ ነው። ጨዋማ ውሃ ከሆነ የአፋር ጨው አለን!

ሐሳብህን ወድጄዋለሁ፣ ግን አይሆንም። ቤት ውስጥ የሚያዙት ባምቡ ሻርክና ኢፖሌት ሻርክ ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ሜትር ይደርሳሉ። ትንሹ ገንዳ ከ1,000 ሊትር አያንስም፣ እሱም ለጅምር ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ጨው ስላለው፣ ለመጀመሪያው ሙሌት ብቻ 35 ኪሎ ልትበጠብጥ ነው። የምግብ ጨውም አይሆንም። ማግኒዥየሙ፣ ካልሲየሙ፣ ሌላውም በልኩ የተቀላቀለበት ለባሕር ገንዳ የሚሠራ ጨው ነው የሚያስፈልገው። ሻርክ ደግሞ በአፍንጫው ዙሪያ ባሉ ቀዳዳዎች ኤሌክትሪክ ይሰማል፤ የሚያሾልክ ፓምፕ ካለህ ሰላም የለውም። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ጠብታም ሊገድለው ይችላል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ከተማ ይህን ሁሉ ተሸክመህ አትዘልቀውም።

ከሰለቸኝ ሐይቁ ውስጥ ብለቀውስ?

አይሞከርም። ጣና ውስጥ ዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። የእስያ በሽታ አናምጣባቸው። ለሚያሳድግልህ ሰው ስጠው።

ሬይንቦው ስንት ዓመት ይኖራል?

በደንብ ከተያዘ ከአምስት እስከ ስምንት።