ተውኔትን በኦርኬስትራ ውስጥ ለምትፈልጉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

በሙዚቃ መምህርነት በኖርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ቻይኮቭስኪ ከሼክስፒር ተውኔት ተነሥቶ ለኦርኬስትራ የጻፈውን «ሮሜዎና ዡልየት» ከሰሙ በኋላ ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ፣ የሰገነቱ ትዕይንት የት ላይ እንደሆነና መርዙ መቼ እንደሚጠጣ ነው። ከበደ ሚካኤል በአማርኛ ስላቀረቡልን ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁና፣ የምታውቁትን መፈለጋችሁ አያስገርመኝም። ነገር ግን ትዕይንት በትዕይንት እየፈለጋችሁ ካዳመጣችሁ ዋናው ነገር እንዳያመልጣችሁ እሰጋለሁ።

ቻይኮቭስኪ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1869 በሌላው ሩሲያዊ የሙዚቃ ደራሲ በባላኪሬቭ ጎትጓችነት ሲሆን፣ በ1870 ሞስኮ ውስጥ ከቀረበ በኋላ ሁለት ጊዜ አሻሽሎታል፤ ዛሬ የምንሰማው የ1880ውን ቅጂ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል በሚፈጅ ሙዚቃ አምስት ገቢር መተረክ ስለማይቻል፣ ከተውኔቱ አስታራቂውን መነኩሴ፣ የሁለቱን ቤተሰቦች ጠብና የልጆቹን ፍቅር መርጦ ለየራሳቸው ዜማ ሰጣቸው።

በመግቢያው ክላሪኔቶችና ባሱኖች የተባሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች ዝግ ብለው የሚያሰሙት፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚመስለው ዜማ የመነኩሴው የአባ ሎረንስ ነው። ይህ መግቢያ በመጀመሪያው ቅጂ አልነበረም፤ ባላኪሬቭ የቀድሞውን ስለነቀፈው ቻይኮቭስኪ እንደ አዲስ ጻፈው፤ በእኔ እምነት ከማሻሻያዎቹ ሁሉ የላቀው ይህ ነው። ቀጥሎ ጠቡ ይፈነዳል፤ ምቱ ባልተጠበቀ ቦታ ይወድቃል፣ እርስ በርስ የሚጋጩት የብረት ሳህኖች፣ ሲምባሎቹም፣ የሰይፍ ፍጭት ያሰማሉ። የፍቅሩን ዜማ ኢንግሊሽ ሆርን የተባለው የትንፋሽ መሣሪያና ድምፃቸው የታፈነ ቪዮላዎች (ከቫዮሊን ተለቅ ያሉ የክር መሣሪያዎች) ይዘውት ይመጣሉ፤ የሁለቱም ድምፅ ጠቆር ያለ በመሆኑ ፍቅሩ ገና ሲጀመር ጥላ ያጠላበት ይመስላል።

አጥብቃችሁ እንድታዳምጡ የምለምናችሁ ግን መካከሉን ነው። ጠቡ እንደገና ሲቀሰቀስ ሆርኖች የመነኩሴውን ዜማ በላዩ ላይ በለሆሳስ ያሰማሉ፤ አንድ ሽማግሌ በተፋላሚዎች መካከል ገብቶ የሚማጸን ያህል ነው። ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ዜማ ትራምፔቶች በሙሉ ኃይላቸው ሲጮኹበት ትሰማላችሁ፤ የሰላሙ ዜማ በጠቡ ተውጦ ራሱ የጠቡ አካል ሆኗል። አባ ሎረንስ ልጆቹን በስውር ያጋባው ቤተሰቦቹ ይታረቁ ዘንድ ነበር፤ ዕቅዱ ግን ልጆቹን ወደ መቃብር አደረሳቸው። አባ ሎረንስ ለሮሜዎ ልኮት ያልደረሰው ደብዳቤ በሙዚቃው ውስጥ የለም፤ በጎ ሐሳብ በጠብ መካከል ምን እንደሚደርስበት ግን አንድም ቃል ሳይነገር ተነግሯል።

ስለዚህ ስታዳምጡ አንዱን ዜማ ብቻ ይዛችሁ ተከተሉት፤ ማን እንደሚጫወተው፣ ምን እንደሚያቋርጠው፣ ተመልሶ ሲመጣ ምን እንደጎደለው አስተውሉ። የፍቅሩ ዜማ መጀመሪያ በክር መሣሪያዎች ገዝፎ ይመለሳል፤ መጨረሻው ላይ ግን ቲምፓኒው፣ ማለትም የኦርኬስትራው ትልቅ ከበሮ፣ የቀብር ጉዞ የሚመስል ምት ሲመታ ተሰባብሮ ይሰማል።

ይህን ከለመዳችሁ በኋላ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሜንዴልሶን እ.ኤ.አ. በ1826 በ17 ዓመቱ ለሼክስፒር «የመካከለኛ በጋ ሌሊት ሕልም» የጻፈውን ኦቨርቸር (የመክፈቻ ሙዚቃ) ስሙ። እዚያ ራሱ ወደ አህያ ራስ የተለወጠው ሸማኔ ሲያናፋ በግልጽ ይሰማልና፣ ትዕይንት መፈለግም የሚፈቀድበት ሙዚቃ እንዳለ ትረዳላችሁ።