«ዝምድና» የምትለዋ አምድ

ውድ ልጆቼ፣

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የምትማርና በበጎ ፈቃድ በተፈናቃዮች ምዝገባ የምታግዝ አንዲት ልጅ ባለፈው ሳምንት አንድ ጥያቄ አቀረበችልኝ። «ጋሼ፣ እህል የሚያድለውም ውኃ የሚያቀርበውም ይታየኛል፤ እናንተ በስደተኞች ጉዳይ የሠራችሁ ‹ጥበቃ› የምትሉት ሥራ ግን ምንድን ነው?» አለችኝ። በሁለት ዓረፍተ ነገር መለስኩላትና ተለያየን። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ የአባቴን የመንዝ ባና ደርቤ ቁጭ ብዬ አደርኩ፤ ጥያቄው ለዓመታት የሸሸሁትን አንድ ቀን መልሶ አምጥቶብኛልና።

ቃሉ ራሱ ያሳስታል። እናቴ ነፍሷን ይማረውና «ጥበቃ ክፍል ነው የምሠራው» ስላት ጠመንጃ ይዤ የማድር መስሏት ትሳቀቅ ነበር። በእኛ ሥራ ጥበቃ ማለት አገሩ ሊከላከልለት ያልቻለ ሰው በሰው አገር ሳለ መብቱ እንዳይጣስ መቆም ነው። መሠረቱም የሸሸን ሰው ለነፍሱ ወደሚያሰጋ ቦታ አስገድዶ አለመመለስ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው የስደተኞች ስምምነትና እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ በጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ሰፍሯል። ሁለተኛው ስምምነት የጸጥታ መደፍረስን ሸሽቶ የመጣውንም ሰው ስደተኛ ስለሚለው፣ አንድ ሕዝብ በጅምላ ሲሰደድ እያንዳንዱን ለብቻ መመርመር ሳያስፈልግ ሁሉንም መቀበል ይቻላል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነበር በ2006 ዓ.ም. ጋምቤላ ክልል፣ ፓጋክ መግቢያ ላይ የተመደብኩት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሥቶ ስለነበር አብዛኛዎቹ ሴቶችና ልጆች የሆኑ ሰዎች በየቀኑ ድንበር ይሻገሩ ነበር። የሕፃናቱ ክንድ በባለቀለም መለኪያ ይለካል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ ቀዩ ላይ ያረፈ ሕፃን በቀጥታ ወደ ሕክምና ይወሰዳል። ሌላው ኃይል ሰጪ ብስኩት ተቀብሎ ይመዘገብና ወደ ስደተኛ ጣቢያ የሚወስደውን አውቶቡስ ይጠብቃል። የእኔ ጠረጴዛ የምዝገባው ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አራት ልጆች የያዘች ሴት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ከኋላዋ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጃገረድና አምስት ዓመት የማይሞላው ወንድሟ አሉ። ልጅቷ ከቀሚሷ ጫፍ በቀደደችው ጨርቅ የወንድሟን እጅ ከራሷ እጅ ጋር አስራዋለች። ቋጠሮው እጅግ ከመጥበቁ የተነሣ የልጁ እጅ አብጦ ነበር፤ በሰው መካከል እንዳይጠፋባት ብላ ነው። አስተርጓሚው ሴትዮዋን አነጋግሮ «የጎረቤቷ ልጆች ናቸው፤ እናታቸው መንገድ ላይ ተለይታለች ትላለች» አለኝ።

ደንቡን አውቀዋለሁ። ከወላጅ የተለየ ልጅ በራሱ ስም ይመዘገባል፣ ለሕፃናት ጥበቃ ባለሙያ ይተላለፋል፣ የወላጆቹ ስምና የተለያዩበት ቦታ ይጻፋል፣ ከዚያ ማን ዘንድ ቢቀመጥ ይሻለዋል የሚለው ይታያል። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። የሕፃናት ባለሙያዋ ከታመሙ ልጆች ጋር ሄዳለች፤ ሰልፉ በፀሐይ ላይ ነው፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቷል። «የቤተሰብ ብዛት» በሚለው ሥር ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ከቤተሰብ ኃላፊ ጋር ያላቸው ዝምድና በሚለው አምድ ላይ ለሁለቱም «ልጅ» ብዬ ሞላሁ፤ የአባት ስማቸውንም የሴትዮዋ ባል ስም አደረግሁት። ነገ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። ነገ ደግሞ ሌላ ሰልፍ መጣ።

ከወራት በኋላ ሴትዮዋ አራቱን ልጆቿን ይዛ ድንበሩን ተመልሳ ተሻገረች። የራሽን ካርዱ በእሷ ስም ስለነበር አብሯት ሄደ። ልጅቷ በእደላ ቀን ካርድ ሳትይዝ እየተሰለፈች ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ የጻፈ ሰው የለም፣ ምክንያቱም በመዝገባችን ላይ ያለ እናት የቀሩ ልጆች አልነበሩም። ወንድሟን ለአንዲት አሮጊት አደራ ሰጥታ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ወጣች።

እናትየው ቀድሞውንም በሕይወት ነበረች፤ በሌላ መግቢያ ገብታ ሌላ ጣቢያ ውስጥ ትኖር ነበር። በቀይ መስቀል በኩል ልጆቿን ታፈላልግ ነበር፤ እሷ የሰጠችው የአባት ስምና እኔ የጻፍኩት ግን አንድ ስላልሆነ ፍለጋው ከዓመት በላይ ፈጀ። ትንሹ ልጅ ተገኘ። ልጅቷ እኔ በዚያ እስከሠራሁበት ጊዜ ድረስ አልተገኘችም። እናትየው መዝገቡ ሲነበብላት በአስተርጓሚ «ማነው የሌላ ሰው ልጆች ያደረጋቸው?» ብላ ጠየቀች። እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ አልተናገርኩም። ከስህተቱ ይልቅ ዝምታዬ የበለጠ ይከብደኛል።

ስለ ትዕግሥትና ስለ ሥነ ምግባር ወላጆቻችሁ ነግረዋችኋልና አልደግመውም። ስለ ወረቀት ግን እናገራለሁ። ስደተኛ ሰው ከአገሩ ሲወጣ ማንነቱን የሚመሰክርለት ቀበሌም ጎረቤትም ስለማይኖረው፣ እኛ የምንጽፈው ነገር ማንነቱ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 በአገራችን ለስደተኞች የተፈቀደላቸው የመሥራት፣ የመማርና የባንክ ሒሳብ የመክፈት መብት ሁሉ የሚያልፈው በመታወቂያ በኩል ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ ስደተኞች ልደትና ጋብቻቸውን በእኛው የወሳኝ ኩነት መዝገብ ማስመዝገብ ሲችሉ፣ ብዙ ባልደረቦቼ እንደ አንድ ሥርዓት ለውጥ ብቻ አዩት። እኔ ግን ቢሮዬ ዘግቼ አለቀስኩ።

የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ይልቅ ፈጣኖች ናችሁ፣ ኮምፒዩተሩንም ቋንቋውንም ታውቃላችሁ። ነገር ግን ሰው ፊታችሁ ቆሞ ሳለ ዓይናችሁ ታብሌቱ ላይ እንደሚተከል በገዛ ከተማዬ አይቻለሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። አትቸኩሉ እላችኋለሁ። ያን ቀን ባልቸኩል ኖሮ ግን አውቶቡሱን ያጡ ሃምሳ ሰዎች ሜዳ ላይ ያድሩ ነበር፤ ሌሊቱንም ዝናብ ጥሏል። ሁለቱን እስካሁን ማስታረቅ አልቻልኩም። ቢያንስ በቅጹ ጠርዝ ላይ «የጎረቤት ልጆች፣ እናት አለች» የሚሉ አራት ቃላት ለመጻፍ የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ።

አንቺ ልጄ፣ የምትመዘግቢያቸው ወገኖች ድንበር ስላልተሻገሩ በሕግ ስደተኞች አይደሉም፤ ተፈናቃዮች ናቸው፣ ኃላፊነቱም በመጀመሪያ የመንግሥታችን ነው። በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ መጠለያ ውስጥ ላለች እናት ግን ልዩነቱ ብርድ ልብስ አይሆናትም፣ ልጇንም አይመልስላትም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት አለሁ። የምትሞሉትን ቅጽ አንድ ባዶ ኮፒ ይዘሽልኝ ነይ፤ ዝምድና የሚለው አምድ «ሌላ፣ ይገለጽ» የሚል ቦታ እንዳለው አብረን እንይ፤ ከሌለውም ለአስተባባሪዎቹ ደብዳቤ እንጽፋለን።