መልስ፦ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ ሙዚቃዊ ተውኔት ይቻላል ወይ?

በሰው ድምፅ ብቻ ሙሉ ሙዚቃዊ ተውኔት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። ይቻላል፤ ተሠርቷልም። «ኢን ትራንዚት» ይባላል። ስለ ኒውዮርክ የምድር ባቡር ተሳፋሪዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከብሮድዌይ (ከከተማዋ ታላላቅ ቲያትር ቤቶች) ውጪ ታየ፤ በ2016 መጨረሻ ብሮድዌይ ገባ። እዚያ በአካፔላ (ያለ መሣሪያ፣ በሰው ድምፅ) ብቻ የቀረበ የመጀመሪያው ሙዚቃዊ ተውኔት እሱ ነው። ከአራቱ ደራሲዎች አንዷ ክሪስተን አንደርሰን-ሎፔዝ ናት፤ የ«ፍሮዝን» ፊልምን ዘፈኖች ከባሏ ጋር የጻፈችው።

የመሣሪያዎቹ ቦታ እንዴት ይሞላል ላልከው፣ ከበሮውን ቢትቦክስ (የከበሮ ምት በአፍ ማውጣት) ይተካዋል። ቦክስማን የሚባል ገጸ ባሕርይ አለ፤ ጣቢያው ውስጥ ሆኖ ምቱን በአፉ ያወጣል። ቤዙን (ዝቅተኛውን የዜማ መስመር) ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ይይዛል። የቀሩት «ኡ»፣ «አ» እያሉ ኮርዱን (በአንድ ላይ የሚሰሙትን ድምፆች) ይሞላሉ። የራሱን ዘፈን የጨረሰ ተዋናይ ወዲያው አጃቢ ይሆናል። እረፍት የሚባል ነገር የለም። ቃናው ከወረደ ደግሞ የሚመልስ ፒያኖ ስለሌለ ሁሉም ተያይዞ ይወርዳል! (እኔ ብሆን ገና በመጀመሪያው ዘፈን ላብ በላብ ነበርኩ።)

ታሪኩ ያን ያህል ጥልቅ አይደለም። ዕድል የምትጠብቅ ተዋናይት፣ ሥራውን ያጣ የዎል ስትሪት (የኒውዮርክ የፋይናንስ ሰፈር) ሰው፣ የመሳሰሉት። ግን ሐሳቡ ከአሠራሩ ጋር ይሄዳል፤ ባቡር ውስጥ የማይተዋወቁ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ፣ እዚህ ደግሞ አንዱ ያለ ሌላው መዝፈን አይችልም።

ብሮድዌይ ላይ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 አብቅቷል። የተዋናዮቹ አልበም ግን አለ። በጆሮ ማዳመጫ ስማው፤ ቤዙን ለብቻ ተከተለው።