«እና ሌሎችም» ብዬ የጻፍኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ እየጠጣን አንድ የሰፈራችን ልጅ ንዴቱን አወጣልኝ። መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ዕቃ ሳይጎድል ስላስረከቡ ለቡድናቸው የምስጋና ወረቀት ተሰጠ። አንድ ወረቀት፣ ለሁሉም። «ጋሼ፣ ግማሽ ቀን ስልኩ ላይ ተጥዶ የሚውለውም እኮ እኩል ተሸለመ። እንዲህ ከሆነ እኔ ለምንድነው ወገቤ እስኪቆረጥ የምሠራው?» አለኝ። «አብሽር» ብዬው ወሬ ቀየርኩ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። እሱ የተናደደው ያልሠራው በመካተቱ ነው። እኔን ያስታወሰኝ ግን የሠራ ሰው የቀረበት ቀን ነው። ቀሪ ያደረግኩትም እኔ ነኝ።

ወጣት ሳለሁ ባሕረኛ ነበርኩ። የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ካልሆነ ብዙ ውሃ አይቶ የማያውቅ የድሬ ልጅ፣ እምባትካላ ሠልጥኖ ምጽዋ ወረደ። ሌላው በሙቀቱ ሲያማርር እኔ ቤቴ የገባሁ ያህል ነበር። የሁላችንም ዓይን ያረፈው «ኢትዮጵያ» ላይ ነው። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተረከብናት ትልቋ መርከባችን ናት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር አውሮፕላኖችን ስታገለግል የነበረች። እኔ የደረሰኝ ግን አንዲት ትንሽ መርከብ ነች፣ በጸሐፊነት። ደብዳቤ እተይባለሁ፣ መዝገብ እይዛለሁ።

አንድ ሌሊት ከምጽዋ ወደ አሰብ እየሄድን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ የባሕር ውሃ የሚያስገባው ቧንቧ ፈነዳ። ፓምፑ ትንሽ ሠራና በቆሻሻ ታፈነ። ውሃው ጉልበት ደረሰ። ሞተሩ ከቆመ መብራት የለም፣ መሪም የለም፣ ነፋሱ ደግሞ ወደ ድንጋዩ እየገፋን ነው። ያለን ባልዲ 9 ነበር። ይኼኔ የወጥ ቤቱ ሰውዬ ድስቶቹን ሁሉ ተሸክሞ መጣ። ለቁርስ የተጣደውን ሾርባ ባሕር ውስጥ ደፍቶ ድስቱን ሰጠን። ከዚያ ራሱ መሰላሉ ግርጌ፣ ውሃው ውስጥ ገብቶ ቆመ። እሱ ከታች ይቀዳል፣ እኛ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን ላይ እናደርሳለን፣ ሁለት መካኒኮች ደግሞ ጎንበስ ብለው አፋቸው ውሃ እስኪነካ ድረስ ቧንቧውን በጨርቅና በእንጨት ይጠቀጥቃሉ። ሌላው እየተቀያየረ ሲያርፍ እሱ አልወጣም። ጎህ ሲቀድ ውሃው ቁርጭምጭሚት ላይ ወርዶ ነበር። የሰውዬው እግር ነጭ ሆኖ ተጨማዶ አየሁት። ወጣ፣ ተጫማ፣ ሻይ አፈላልን።

ሁላችንም «አጎቴ» ነበር የምንለው። በቅጥር የመጣ ሲቪል ስለሆነ እኔ በምይዘው መዝገብ ላይ አልነበረም።

አሰብ ስንደርስ አዛዡ «የተሳተፉትን ስም ጻፍ፣ ለምስጋና ይላካል» አለኝ። 14 ስም ተየብኩ። አጎቴ ላይ ስደርስ ቆምኩ። የአባቱ ስም ይቅርና የራሱንም አላውቀውም። ወጥ ቤቱ ከእኔ 20 እርምጃ አይሞላም። ሄዶ መጠየቅ ነበር። ደክሞኛል፣ ፖስታው ሊሄድ ነው፣ ጓደኞቼ ከተማ ሊወጡ እየጠበቁኝ ነው። «እና ሌሎችም» ብዬ ዘጋሁት።

ከወር በኋላ ደብዳቤው መጣ። ነጭ ለብሰን ተሰለፍን፣ ስም ተነበበ። አጎቴ ሽርጡን እንደታጠቀ ከኋላ ቆሞ ያጨበጭባል። ማታ ሻይ ይዞልኝ መጣ፣ እንደምወደው ሁለት ማንኪያ ስኳር አድርጎ። «ልጄ፣ ሲያነብ እኔን ዘለለኝ መሰለኝ» አለኝ። «አዎ፣ ዘሎህ ይሆናል» አልኩት። «ይሁን፣ ዓይኑ ስቶ ነው» ብሎ ሳቀና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ስሙን መጠየቅ አልቻልኩም። ብጠይቀው ውሸቴ ይወጣል። እኔ የብስ ላይ ወዳለ ቢሮ ተዛወርኩ፣ በ1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ ተያዘች፣ በ1983 የቀሩት መርከቦች ወደ የመን ሄዱ፣ እኔ በጂቡቲ ዞሬ ድሬ ገባሁ። አጎቴ የት እንደደረሰ አላውቅም። በምን ስም ልጠይቅ?

ለመጋዘኑ ልጅ ያልመለስኩለትን አሁን ልመልስ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1942 ለሰው ሳይሆን ለመርከብና ለጦር ክፍል የሚሰጥ የፕሬዚዳንት ሽልማት አቋቋሙ። ሚዛኑ ከባድ ነው፤ አንድ ሰው ለብቻው ቢፈጽመው «የባሕር ኃይል መስቀል» የሚባለውን ትልቅ ኒሻን የሚያሸልመውን ያህል ጀግንነት ይጠይቃል። ከተሰጠ ግን ያን ጊዜ መርከቧ ላይ የነበረ ሁሉ ሪባኑን ደረቱ ላይ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1958 «ኖቲለስ» የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ በሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር ስታልፍ በሰላም ጊዜ ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆነች። ከአዛዡ እስከ ወጥ ቤቱ ነው የተሸለመው። በሶቪየቶቹም ዘንድ «ግቫርዲያ» (ዘብ ጦር) የሚል የክብር ማዕረግ ያገኘች መርከብ ላይ ያለ ባሕረኛ ሁሉ ቆቡ ላይ ብርቱካናማና ጥቁር ጥብጣብ ያደርግ ነበር። መርከብ ስትድን በሙሉ ነው የምትድነው። የማን ባልዲ እንዳዳናት ማን ይለያል?

የእኛም አገር ሰዎች ይህን ያውቁታል። አባቴ ለገሃር ነበር የሚሠራው። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የሚዘምተው ቃኘው ሻለቃ በባቡር በዚሁ በድሬ በኩል ወደ ጂቡቲ አልፎ መርከብ ሲሳፈር እሱ ጣቢያው ላይ ነበር። ዘፈናቸውን እስኪሞት ድረስ ያንጎራጉረው ነበር። ቃኘው የሐረሩ ገዢ የራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው፤ ይህን የማያውቅ የሐረርና የድሬ ልጅ ሳገኝ ይከፋኛል። ያ ሻለቃ ከኮሪያም ከአሜሪካም የክፍል ሽልማት አግኝቷል። የአንድ ጀግና ስም አልተመረጠበትም።

ስለዚህ አዎ፣ ሰነፉም ከእናንተ ጋር ይሸለም። ምናልባት እናንተ ባላያችሁት ሰዓት አንድ ባልዲ አቀብሎ ይሆናል። የዛሬ ልጆች ወረቀቱን ከመቀበላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ትለጥፋላችሁ፣ ፎቶው ላይ ግን አራት ሰው ብቻ ነው ያለው። ዕቃ ጠባቂው የታለ? እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ደግሞ ራሴን ልቃረን። ሽልማቱ የሁሉም ነው ብያለሁ፣ ግን «የሁሉም» የሚለው ቃል ራሱ ሰው ይሰውራል። እኔም በዚያው ቃል ነው አጎቴን የሸፈንኩት። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቅ 30 ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራም አልተገለጠልኝም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ስሙን እዚያው፣ ሰውዬው ፊት ቆማችሁ፣ ከነአባቱ ጻፉት።

ትናንት ልጁን ጠርቼ የቡድኑን ስም ዝርዝር ጻፍልኝ አልኩት። ማታ ይዞልኝ መጣ። 11 ሰው ነው፤ ያ ስልክ ላይ የሚውለውም ገብቷል። የመጨረሻው መስመር ላይ «ሻይ የምታፈላልን ልጅ» ይላል። ወረቀቱን መለስኩለት። «ሂድ ስሟን ጠይቀህ ና» አልኩት። ሻዩ ሳይቀርብለት ተነሥቶ ሄደ።